ሥዕሉ የማን ነው?

በሕይወቴ ብዙ ሂስ ጽፌአለሁ። ልብ ወለድ ተችቻለሁ፤ የግጥም መድበል ተችቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የሠርግ መጥሪያ ወረቀት ተችቼ የሙሽራው አባት ለሁለት ዓመት ሰላምታ ነሥተውኛል። የኮምፒዩተር መስኮት እተቻለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። መስኮቱ ትንሽ ነው፤ ከመዳፍ ብዙ አይበልጥም። ኮምፒዩተሩ ላይ ድምፅ የሚያወጡ ፕሮግራሞች ሁሉ ተራ በተራ ይሰለፉበታል። በእያንዳንዱ መስመር ሦስት ነገር አለ፤ ሥዕል፣ ስም፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉበት መጎተቻ። በቃ ይኸው ነው። እንዲህ ያለች አጭር ጽሑፍ ውስጥ ምን ስሕተት ይገባል ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች። እትዬ ሰባ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት። ያልተማረች እንዳትመስላችሁ። በየማለዳው ዳዊት ትደግማለች፤ የእኔንም ዓምድ አንብባ የፊደል ግድፈት ታወጣለች (የ“ሀ” እና የ“ሐ” ነገር በቤታችን እስካሁን አልታረቀም)። የማታውቀው የላቲኑን ፊደል ብቻ ነው። ልጇ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራዋን ስትጨርስ፣ በቪዲዮ ትደውላለች። ስለዚህ ሳሎን ያለው አሮጌ ኮምፒዩተሬ እሑድ የእኔ አይደለም፤ የእትዬ ነው።

ኮምፒዩተሩ የሚሠራው በኡቡንቱ ነው። ቫይረስ ሲያስቸግረኝ ጊዜ አንድ የድሮ ተማሪዬ “ጋሼ፣ ይሄ በነፃ ነው፣ ቫይረስም አያንገላታዎትም” ብሎ ጫነልኝ፤ እውነቱን ነው። እትዬ ደግሞ ጆሮዋ ትንሽ ደክሟል። የድምፅ መስኮቱን ክፍት አድርጌ ማዕዘን ላይ አስቀመጥኩላትና “ይሄ ክብ ሥዕል ያለበት መዝሙር የምትሰሚበት ነው፤ የስልክ እጀታ ያለበት ደግሞ ከልጅሽ ጋር የምታወሪበት” ብዬ አስተማርኳት። ያስተማርኳት ከጠረጴዛው ገጽ ላይ ሆኜ ነው። እዚያ፣ ፕሮግራሙን ተጭና በምትከፍትበት ቦታ፣ እውነትም የስልክ እጀታ አለ። በድምፁ መስኮት ውስጥ ግን የለም! እዚያ የጥሪው ፕሮግራም ከስሙ ፊት ለፊት ያስቀመጠው ሥዕል ያንኑ የመዝሙሩን ክብ፣ የብሮውዘሩን፣ ነው። ሁለት መስመር፣ ሁለት ስም፣ አንድ ሥዕል። እኔ ስሙን ስለማነብ ሥዕሉን አላየሁትም ነበር። ዓይኔ ዘልሎት ነው የሚያልፈው።

በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ፣ አንድ እሑድ፣ እኔ ለቅሶ ቤት ሄጃለሁ። እትዬ በብሮውዘሩ የበገና መዝሙር ከፍታለች። ልጇ ደወለች። እትዬ ጥሪውን አነሣችና በገናውን ዝም ልታሰኝ የክቡን ሥዕል መጎተቻ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ሳበችው። በገናው አልቆመም። የጠፋው የልጅቱ ድምፅ ነው።

እንግዲህ እናት ናት። የልጇ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ታያለች። “አልሰማሁሽም” ብትል ልጅቱ በየጊዜው የምትልከውን ብር ከፍላ ጆሮዋን ካላስመረመርኩ ልትል ነው። ስለዚህ ምን አደረገች? ራሷን እየነቀነቀች፣ ፈገግ እያለች፣ “እሰይ፣ እሰይ ልጄ” አለች። ልጅቱ በዚያች ሰዓት ትናገር የነበረው ረቡዕ ቀን ሆዷን ኦፕሬሽን እንደምትደረግ ነው።

ማክሰኞ ማታ በእጅ ስልኬ ደወለችልኝ። “ጋሼ፣ እማዬ ተቀይማኛለች እንዴ?” አለችኝ። ድምፅዋ ተሰብሯል። “እንደምቀደድ ስነግራት እሰይ አለችኝ።”

ኦፕሬሽኑ በሰላም ተጠናቋል፤ ልጅቱም ዛሬ ደኅና ናት። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ልባችሁ ተንጠልጥሎ ስለ አይከን ማንበብ ስለማትችሉ ነው።

እኔ በዚያች ማታ እናትና ልጅን ለማገናኘት ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። አሁንም ድምፅ የለም። ለካስ ሌላም ጉድ አለ፤ ይህ ሥርዓት የእያንዳንዱን ፕሮግራም ድምፅ መጠን ያስታውሳል። እሑድ ዝም የተባለ ፕሮግራም ማክሰኞም ዝም እንዳለ ነው የሚነሣው። ለመርሳት ለሚቸገር ሰው ይህ ጥሩ አገልጋይ ነው፤ የተሳሳተውን ሰው ዝም ላሰኘ ግን ቂመኛ ነው። መጎተቻውን መለስኩትና እናትና ልጅ ተላቀሱ። እኔ ደግሞ ሁለቱን ተመሳሳይ ክቦች ለመጀመሪያ ጊዜ አፍጥጬ አየኋቸው።

በማግስቱ ሰፈራችን ያለ አንድ የኮምፒዩተር ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ፈጣን ነው። አየና ሳቀ። “አባባ፣ ድምፁ እኮ ይሠራል! ይሄ ሥዕል ነው፤ ምን ያደርግልዎታል?” አለኝ። ስጨቀጭቀው “እንግዲያው ፎርማት ላድርገው” አለ። በአገራችን የጥገና ሙያ በሁለት ቃላት መካከል ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ “ምንም አይደል” እና “ፎርማት”። ወይ በሽታ የለም፣ ወይ በሽተኛው ይቀበርና ሌላ ይወለድ። በመካከል ያለው፣ ችግሩ ከየት መጣ ብሎ ክሩን መከተል፣ ጊዜ ይወስዳል፤ ሂሳብ ለመጠየቅም አይመችም።

“ሥዕል ነው” የምትለዋን ቃል ግን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሃያ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ቻርልስ ፐርስ የሚባለውን አሜሪካዊ ፈላስፋ (1839–1914 እ.ኤ.አ.) ተማሪዎቼ እስኪሰለቹኝ ድረስ ጠቅሻለሁ። ምልክትን በሦስት ይከፍለዋል፤ አይከን ያለው የሚወክለውን ነገር የሚመስለውን ነው። ቃል ግን ነገሩን አይመስልም፤ በስምምነት የሚታወቅ ነው፣ ካልተማሩት አይገኝም። ስሙን ላላነበበ ሰው የቀረችው በር አይከኗ ናት ማለት ነው። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ፈተና አውጥቼበታለሁ። በሳሎኔ ግን ወድቄአለሁ።

ቃሉ ወደ ኮምፒዩተር የገባበት መንገድ ደግሞ ይገርማችኋል። ዴቪድ ካንፊልድ ስሚዝ የተባለ ተመራማሪ በ1975 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ባቀረበው ሥራው ነው “አይከን” ያለው። በኋላም በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዜሮክስ ስታርን ገጽ ከሠሩት አንዱ ሆነ። ቃሉን ከየት አመጣኸው ሲባል ከሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው ብሏል፤ እዚያ ሥዕሉ እንዲያው ሥዕል አይደለም፣ የሚወክለውን ነገር ጠባይ ይዟል። ይህን ለእኛ ማን ያስረዳናል? በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ሙሉ ፊቱን፣ ሁለት ዓይኑን ይዞ ይቀመጣል፤ ክፉው በጎኑ በአንድ ዓይን ይሣላል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶቻቸውና በነብሮቻቸው ይታወቃሉ። ሠዓሊው ስሙንም ከጎኑ ይጽፈዋል፤ ግን ከኋላ የቆመችው ሴትዮ የምታየው ፈረሱን ነው። አንድ ሠዓሊ ጊዮርጊስን ከአንበሶች መካከል አስቀምጦ “ስሙን ከላይ ጽፌዋለሁ፣ ምን ቸገራችሁ?” ቢል ደብሩ ዝም ይለዋል?

የቤተ ክርስቲያኑ ከበደ ካላችሁም ወደ መንደር እንውረድ። እንጨት ላይ ጣሳ ተደፍቶ ካያችሁ እዚያ ቤት ጠላ አለ። ደጃፉ ላይ ጣሳ ሰቅሎ ውስጥ ሚስማር የሚሸጥ ሰው ቢኖር “ሚስማር መሆኑን በእንግሊዝኛ ጽፌአለሁ” ማለት አያድነውም። የተጠማ ሰው ያሯሯጠው ጣሳው ነው።

ያ ኡቡንቱን የጫነልኝ ተማሪዬ ቅዳሜ መጣ። እሱ አልሳቀም። ወንበር ስቦ ነገሩን እንደ ሠርግ ቤት አስረዳኝ። በፕሮግራሞቹና በድምፅ ማጉያው መካከል አንድ አሳላፊ ቆሟል፤ ፐልስኦዲዮ ይባላል፣ ሥራ የጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። (በአዳዲሶቹ ላይ ቦታውን ፓይፕዋየር ወስዶበታል፤ ፌዶራ በ2021፣ ኡቡንቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ነው የቀየሩት። አዲሱም ቢሆን የድሮውን ቋንቋ ይሰማል።) እያንዳንዱ ፕሮግራም ድምፅ ሊያሰማ ሲመጣ በር ላይ ለአሳላፊው ስሙን፣ የሚሠራውን ፋይል፣ የሥዕሉን መጠሪያ ይሰጣል። የድምፁ መስኮት የሚያሳየን አሳላፊው የተነገረውን ነው። ዛሬ ብዙ የጥሪና የመልእክት ፕሮግራሞች ከውስጣቸው ሲታዩ በብሮውዘር ሞተር ላይ የተሠሩ ናቸው። ሠሪው ካልተጠነቀቀ ፕሮግራሙ በር ላይ ሲደርስ የራሱን መታወቂያ ትቶ የሞተሩን ይሰጣል። የአባቱን መታወቂያ ይዞ እንደመጣ ጎረምሳ ማለት ነው። አሳላፊው ምን ያድርግ? የተሰጠውን ይዞ ያስገባል።

“ይኸውልዎ” አለና በጥቁሩ መስኮት አሳላፊውን ጠየቀው፤ “ፓክትል” የሚባል ትእዛዝ አለ፣ በወቅቱ ድምፅ የሚያሰሙትን ሁሉ ከነ መታወቂያቸው ይዘረዝራል። እውነትም የጥሪው ፕሮግራም የሥዕል መጠሪያ በሚለው መስመር ላይ የብሮውዘሩ ስም ተቀምጧል። ክሩ ተገኘ።

ማቃናቱ ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ፕሮግራሙን የሚያስነሣ አንድ አጭር ፋይል አለ። እሱን ከሥርዓቱ ፎልደር ወደ እኔ የግል ፎልደር ቀዳው፤ እዚያው ቢነካው በሚቀጥለው እድሳት ይጠፋል። ከዚያ ፕሮግራሙን በሚያስነሣው መስመር መጀመሪያ ላይ “ፐልስ ፕሮፕ” የምትባል ቃል ጨምሮ ትክክለኛውን የሥዕል መጠሪያ ሰጠው። ማለትም በር ላይ ሲደርስ የሚያሳየውን መታወቂያ ቤቱ ሳለ ኪሱ ውስጥ ጨመረለት። ዘግቶ ከፈተው፤ መታወቂያው የሚታየው ሲገባ ብቻ ነውና። ክቡ ጠፋ። በምትኩ የመጣው ግን የማንም ያልሆነ ማርሽ የሚመስል ነገር ነው! በሥዕሎቹ ፎልደር ካለው የፋይል ስም ጋር አንድ ፊደል አልገጠመም ነበር። የሆሄ ስሕተት። እትዬ ከኋላችን ሆና “እዚያም ሀ እና ሐ አለ?” አለች።

ለፍትሕ ያህል፣ ይህን ሁሉ ነፃ ፕሮግራም በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ ሰዎችን ልወቅስ አልተነሣሁም። የእነሱ ሥራ ባይኖር እትዬና ልጇ በሳምንት አንድ ጊዜም አይተያዩም ነበር። የተዘለለችው አንዲት መስመር ናት። የተዘለለችበትን ምክንያት ግን አውቀዋለሁ፤ ጽፎ የጨረሰው ሰውም እንደ እኔ ስሙን ያነባል። የገዛ መስኮቱን ሲከፍት ዓይኑ ፊደሉ ላይ ያርፋል፤ ሥዕሉ ለእሱ ጌጥ ነው። የመስኮቱን ቋንቋ ወደ አማርኛ መለወጥ ይቻላል፣ ሞክሬዋለሁ፤ የፕሮግራሙ ስም ግን በመጣበት ፊደል ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ እንደ እትዬ ላለ ሰው በዚያ መስመር ላይ ካሉት ሦስት ነገሮች የሚነበበው አንዱ ብቻ ነው፤ ተሳስቶ የነበረውም እሱ ነው። ጠጋኙ ልጅ “ሥዕል ነው” ሲለኝ “የእህቴ ስም ነው” ልለው ይገባኝ ነበር። መልስ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ሆሄው ታረመና የስልክ እጀታው ቦታውን ያዘ። እኔ እፎይ አልኩ። ተማሪዬ ግን እጁ እየሄደ “እትዬ፣ ከፈለጉ ሌላ ሥዕልም ይቻላል። የልጅዎን ፎቶ ላድርግልዎ?” አላት። ተቃወምኩ። አይከኑ የፕሮግራሙ ነው እንጂ የደዋዩ አይደለም፤ ወንድሟ ከሐዋሳ ሲደውል የእህቱ ፎቶ ሊወጣ ነው፤ ይህ ስሕተትን በስሕተት ማረም ነው ብዬ ፐርስን እስከ መጥቀስ ደረስኩ። እትዬ አዳመጠችኝ፣ አዳመጠችኝና ወደ ልጁ ዞረች።

“ነጭ ነጠላ የለበሰችበትን አድርግልኝ፣ የጥምቀቱን።”

አሁን እዚያ መስመር ላይ ያለችው እሷ ናት። ባለፈው እሑድ ወንድ ልጇ ከሐዋሳ ደወለ፤ የእህቱ ፎቶ ወጣ። “አየሽ እትዬ?” አልኳት። መጎተቻውን በጥንቃቄ ወደ ቀኝ ሳበችና “እሱን በድምፁ አውቀዋለሁ” አለችኝ።