ከግጭ እስከ ጨነቅ

የሰሜን ተራሮች ቀን የሚጀምረው በውርጭ ነው። የእግር ጉዟችን መነሻ ግጭ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ማለዳ ከድንኳን ስትወጡ ሣሩ ነጭ ለብሶ ይጠብቃችኋል። ጋቢውን የተከናነበው አጃቢ ጠመንጃውን በትከሻው አጋድሞ ከፊት ይመራል። ለማንም አይቸኩልም፤ እናንተም በእሱ እርምጃ መሄድ ትለምዳላችሁ። ደጋ ላይ ትንፋሽ የሚበቃው ለረጋ ሰው ነው።

መንገዱ በጅብራ ተክሎች መካከል ያልፋል። ጅብራ ዓመታት ቆይታ አንድ ጊዜ ብቻ ታብባለች፤ ከዚያ ትሞታለች። ጠውልጋ የቆመች ግንድ ስታዩ ሕይወቷን ሙሉ የደገሰችውን ድግስ ጨርሳለች ማለት ነው።

ገደል ላይ ያደሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ፀሐይ ሲሞቃቸው ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ቁጭ ብላችሁ እጃቸውን ተመልከቱ፤ ሣሩን በሁለት ጣት እየነቀሉ፣ ጭብጣቸው ሲሞላ ወደ አፋቸው ይልካሉ። ጤፍ የሚለቅም ሰው ይመስላሉ።

እመት ጎጎ በተባለው አፋፍ ላይ፣ በ3,926 ሜትር፣ መሬት በድንገት ያልቃል። ከእግራችሁ በታች ቆላው ተዘርግቷል፣ አሞራው ከናንተ ዝቅ ብሎ ይበራል። እዚያ ተቀምጦ ከአጃቢው ጋር ቆሎ የቆረጠመ ሰው ጣዕሙን አይረሳም።

ማምሻውን ጨነቅ ስትደርሱ ጉልበታችሁ ዝሏል። ልባችሁ ግን ሰፍቷል። ይህን አገር መኪናም ያሳያል፤ የሚያስተዋውቃችሁ ግን እግር ነው።