እናት ትቀድማለች

የፍራፍሬ ዝንብ የሚያዳቅል ሰው ብልቃጡ ላይ አስቀድሞ የሚጽፈው እናትን ነው፤ አባት ይከተላል። ከስሙ ቀጥሎ የአባቱን ስም ሲጽፍ ላደገ እንደኔ ላለ ሰው ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ አባትን አስቀድሜ ጽፌ ሁለት ሳምንት ከስሬያለሁ።

ስንፈትሽ የነበረው ፒ ኤለመንት የሚባለውን ዘላይ ዲኤንኤ ነው። ርዝመቱ 2,907 ፊደል ሲሆን፣ ከቦታው ነቅሎ ሌላ ቦታ የሚሰካውን ኢንዛይም መመሪያ በውስጡ ይዟል። የዱር ዝንቦች አላቸው። የድሮዎቹ የላብራቶሪ ዘሮች የላቸውም፤ አያቶቻቸው የተያዙት ፒ ሳይስፋፋ ነውና። ማርጋሬት ኪድዌል፣ ጄምስ ኪድዌልና ጆን ስቬድ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳስረዱት፣ የዱር ወንድ ከላብራቶሪ ሴት ሲዳቀል ብዙዎቹ ልጆች መካን ይሆናሉ። ሴቷ የዱር፣ ወንዱ የላብራቶሪ ከሆነ ግን ልጆቹ ደህና ናቸው። ፒ የሚለው ስም ራሱ «አባታዊ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው። ምክንያቱ የታወቀው ቆይቶ ነው፦ ፒ ያላት እናት እንቁላሏ ውስጥ ፒን የሚያፍኑ ጥቃቅን አርኤንኤዎች ትሰንቃለች፤ አባት የሚያወርሰው ዘላዩን እንጂ ማፈኛውን አይደለም።

እኔም ያዳቀልኳቸውን ዝንቦች ልጆች በ29 ዲግሪ አሳደግኩ፤ ሙቀት መካንነቱን ያባብሰዋል። ሴቶቹን በሁለት መስታወት መካከል ጨፍልቄ በማይክሮስኮፕ ሳይ የእንቁላል ዕጢያቸው ጢም ብሏል። የጠበቅኩት ክር መስሎ የሰለለ ነበር። «ፒው ደክሟል» ብዬ ዘሩን ወነጀልኩ። ኢንኩቤተሩንም ጠረጠርኩ። በዕድሜ የሚበልጠኝ ባልደረባዬ ብልቃጡን አዙሮ አየና «እናትየዋ የትኛዋ ናት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ድንግል ሴት መልቀም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በ25 ዲግሪ ከሙሽሬዋ ከወጣች 8 ሰዓት ሳይሞላት መያዝ አለባት፤ ገርጣ ያለች ናት፣ በስስ ሆዷ በኩል ጥቁር ነጥብ ይታያል። የራሷን ዘር ወንድ ያገኘች አንዲት የላብራቶሪ ሴት ሾልካ ከገባች ደህና ልጆች ትወልድና ቁጥሩ ይበላሻል። ያን ጊዜም የደከመ የሚመስለው ፒው ነው። ስለዚህ «የዚህ ዘር ፒ ሰነፍ ነው» የሚል ውጤት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው የለቃሚውን ዓይን ነው፤ ብዙ ጊዜ የራሴን።

አሁን ሴቶቹን ከጨመርኩ በኋላ ስማቸውን እጽፋለሁ፤ ከዚያ በፊት የወንዶቹን ብልቃጥ አልከፍትም።