ቅደም ተከተሉን የማይናገር ጠመንጃ

ጠመንጃ መፍታት ብሎን ማላላት ብቻ ከመሰላችሁ፣ የ1907ቱን (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ሊ-ኢንፊልድ ማርክ 3 ተመልከቱ። እንጨቱ ሁለት ነው፦ ከኋላ ሰደፉ፣ ከፊት በርሜሉን የሚያቅፈው። ሰደፉን የያዘው ረጅም ብሎን ጫፉ አራት ማዕዘን ነው፤ በፊተኛው እንጨት ጀርባ ባለች የብረት ሳህን ውስጥ ይገባል። እንዳይላላ መሆኑ ነው፣ ጎበዝ ሐሳብ። ግን መቆለፊያዋ ራሷ የተተከለችው እንጨት ላይ ነው! ፊተኛውን ሳታወጡ ሰደፉን ልፍታ ብላችሁ ብሎኑን ካዞራችሁት፣ ሳህኗ አብራ ልዙር ስትል እንጨቱን ትሰነጥቀዋለች። ከውጭ የሚያስጠነቅቃችሁ ምልክት የለም።

ፊተኛውን ማውጣትም ጣጣ አለው። ጥይት አለመኖሩን አይታችሁ፣ ማሰሪያዎቹን ፈትታችሁ፣ ከፊትም ከኋላም እኩል ወደ ታች አውርዱት። በአፈሙዙ በኩል ብቻ ከጎተታችሁት፣ የተኩሱን ግፊት የሚቀበሉት የኋላ የእንጨት ትከሻዎች ይጎዳሉ። ብረቱ በእንጨቱ ላይ በልክ መቀመጡ ቀረ ማለት ነው፤ ኢላማውም ይዛባል። ወታደሩ እንዳይነካው ተከልክሎ ሥራው ለመሣሪያ ጠጋኝ የተተወው ለዚህ ነው።

ክልከላ ግን የንድፍ ጉድለት አያቃናም፤ እኔ እንደዚያ ነው የማየው። በኋላ የመጣው ቁጥር 4 ያን አራት ማዕዘን ጫፍ ትቶታል፤ ሰደፉ ፊተኛው እንጨት ሳይነካ ይፈታል።