ደረቅ ላይ ያለች ጀልባ

ቤቴ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው። ጀልባ ከምጠግንበት ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል፣ በባጃጅ ለመመላለስ አያስቸግርም። ቢሆንም የእንጨት ጀልባ ለጥገና ከሐይቁ ካወጣሁ፣ ተመልሳ ውሃ እስክትገባ ድረስ የማድረው እሷው ውስጥ ነው፤ ከላይ ሸራ ወጥሬ፣ ከታች ፍራሽ አንጥፌ። ምግብ የማበስለው መሬት ወርጄ ነው። ቤንዚንና ካትራሜ ባለበት ከሰል አይገባም። ሰው ለዘበኝነት የማድር ይመስለዋል። ሞተሩንና መሣሪያውን መጠበቁም አለ፤ የሚያሳድረኝ ግን እንጨቱ ነው።

ጀልባ የሚጎዳው ውሃ ውስጥ ነው የሚል ብዙ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ዝናቡ ሄዶ ነፋሱ ሲደርቅ፣ ውሃ ጠጥቶ የኖረ ጣውላ መኮማተር ይጀምራል። ሌሊት ጋደም ብዬ ሲንቋቋ እሰማዋለሁ። ትናንት ወረቀት የማያሾልክ የነበረው መገጣጠሚያ ሰንብቶ የቢላዋ ስለት ያስገባል፤ ቆይቶም ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከተኛሁበት ብርሃኑን በስንጥቁ አየዋለሁ።

የጀልባዋ ባለቤት የሚደነግጠው ይህን ጊዜ ነው። «ጋሼ፣ ክፍተቱን በጥጥ ጠቅጠቅ ያድርጉት እንጂ!» ይላል። ጭንቀቱ ይገባኛል፣ ግን እሺ አልለውም። ጣውላው ውሃ ሲያገኝ ያብጣል። ደርቆ ሳለ ክፍተቱን በመሮና በመዶሻ አጭቀን ከሞላነው፣ ሲያብጥ የሚሄድበት ስፍራ ያጣል፤ ሚስማሩን ይነቅላል፣ ጣውላውን ያጎብጣል፣ ውስጥ ያለውን ደጋፊ እንጨት ይሰብራል። ስለዚህ ጥጡን ፈተል አድርጌ ላላ ባለ ሁኔታ አስገባለሁ፣ ከላይ በካትራሜ እሸፍናለሁ፣ የቀረውን ለሐይቁ እተዋለሁ። ምን ያህል ላላ እንደሚል የሚነግረኝ ያ የሌሊቱ ድምፅና የጠዋቱ ስንጥቅ ነው። ቀን ቀን ብቻ የሚመጣ ባለሙያ እንጨቱ በምን ፍጥነት እንደደረቀ አያይም።

አቀማመጧም ዋዛ አይደለም። ክብደቷን መሸከም ያለበት ከሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው ዋናው እንጨት ነው፤ የጎን ድጋፎቹ እንዳትወድቅ ብቻ ይያዟት። በጎኗ ተጭና የከረመች ጀልባ ቅርጿ ይበላሻል።

በባሕር ዳርቻ አገሮች ባለሸራ ጀልባቸውን የብስ ላይ አቁመው፣ በመሰላል እየወጡና እየወረዱ ወራት የሚኖሩባት ሰዎች አሉ። እነሱ የሚፈሩት በጨው ውኃ ውስጥ እየኖረ እንጨት የሚቦረቡረውን ፍጥረት ነው። ሐዋሳ ላይ ይህ የለም። በአንጻሩ ጨው መበስበስን ያዘገያል፣ የእኛ ሐይቅ ግን ይህን አያደርግልንም። ውስጧ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ ቢላዋዬን ይዤ ውሃና አየር የሚፈራረቁበትን መስመር እከተላለሁ። ደህና እንጨት ጫፉን ይመልሰዋል፤ የበሰበሰው ያለ ድምፅ ይውጠዋል። በዛገ ሚስማር ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ካየሁ ሚስማሩን ነቅዬ ቀዳዳውን በእንጨት እወትፋለሁ፣ አዲሱን ሚስማር ከጎኑ እመታለሁ። በአሮጌው ቀዳዳ የገባ ሚስማር አይይዝም።

የምንሠራበት ዳርቻም ቋሚ አይደለም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል እንጂ ከሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም፤ በመሆኑም ውሃው ዓመት አይቶ ይሞላል፣ ይሸሻል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሞልቶ ወደ ከተማው መግባቱን የሚያስታውስ ሐዋሴ ጥቂት አይደለም።

ጀልባዋ ወደ ውሃ ከመመለሷ በፊት ባሉት ቀናት እርጥብ ጆንያ አለብሳታለሁ፣ ውስጧንም በጄሪካን ውሃ አጠጣለሁ። ከዚያ በግንድ ላይ እያንከባለልን እናወርዳትና ጥልቀት በሌለው ቦታ እናስራታለን። መጀመሪያ ውሃ ታስገባለች። ማስገባቷ አይቀርም። እየቀዳን እንደፋለን፣ ጣውላው እያበጠ ሲሄድ የሚገባው እየቀነሰ ይመጣል። ያችን ሌሊትም እዚያው ነኝ፣ ባልዲ ይዤ።

በዚሁ ሐይቅ ዳር ያላችሁ የፍቅር ሐይቅ ጀልባ ባለቤቶች፣ ፊቼ ጨምበላላና ጥምቀት ሲቀርቡ እንግዳ እንደሚበዛ፣ ገበያውም እንደሚያጣድፋችሁ አውቃለሁ። እባካችሁ ጀልባችሁን ከበዓሉ ቀደም ብላችሁ ውሃ አስገቧት። የመጀመሪያዋን ሌሊት ባዶዋን ትደር። ማታ ቀድታችሁ ያደረቃችሁት ወለል ጠዋት ሞልቶ ካገኛችሁት፣ ያን ቀን ሰው አትጫኑባት።