ዴናሊና ማክኪንሊ፤ ስለ አንድ መቅድም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው የአበው ቃል ለሰው ልጅ ስም ይሠራ ይሆናል። በሰሜን አሜሪካ ካሉት ተራሮች ሁሉ ከፍ ብሎ ለሚታየው፣ 6190 ሜትር ለሚደርሰው የአላስካ ተራራ ግን አዲሱን ስም ያወጣለት ዊልያም ዲኪ የሚባል ወርቅ ፈላጊ ነው። ይህ ሰው በ1896 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ከምድረ በዳው ሲወጣ መጀመሪያ የሰማው ወሬ የኦሃዮው ዊልያም ማክኪንሊ ለፕሬዚዳንትነት መታጨቱን ስለ ነበረ፣ ተራራውን በእጩው ስም ጠራው፤ በጥር 1897ም በኒው ዮርክ ጋዜጣ አሳተመው። ማክኪንሊ ተመርጦ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1901 በነፍሰ ገዳይ ጥይት ቈስሎ ሞተ። አላስካን በሕይወቱ አልረገጠም።

ተራራው ግን ቀድሞውንም ስም አልባ አልነበረም። በሰሜኑ በኩል የሚኖሩት አታባስካኖች ዴናሊ ይሉት ነበር። ይህን ስም ለማስመለስ ከተጻፉት ቃላት ሁሉ ቀዳሚ የሆነውን ስፍራ የሚይዘው፣ ሁድሰን ስታክ በ1914 ያሳተመው «ዴናሊን መውጣት» የተባለው መጽሐፍ መቅድም ይመስለኛል። ስታክ በእንግሊዝ አገር የተወለደ፣ በአላስካ በሊቀ ዲያቆንነት ያገለገለ ሰው ነው። ሰኔ 7 ቀን 1913 ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋር ከተራራው ከፍተኛ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ከእነርሱ በፊት እዚያ የደረሰ ሰው አልታወቀም።

የመጽሐፉ ትረካ ቅን ነው። ደራሲው ከጫፉ ላይ መጀመሪያ እግሩን ያሳረፈው እርሱ ራሱ ሳይሆን፣ ዋልተር ሃርፐር የተባለው የሃያ ዓመት የአላስካ ተወላጅ መሆኑን ሳይሸሽግ ይነግረናል። የሃርፐር እናት ከኮዩኮን ሕዝብ ወገን፣ አባቱ ከአየርላንድ የመጣ ወርቅ ፈላጊ ነበር። ደግሞም በታችኛው ሰፈር ብቻውን ሆኖ ጓዙን የጠበቀው ጆኒ የተባለ ልጅ፣ የተጓዦቹ ስኳር በእሳት መጥፋቱን ስለሚያውቅ፣ የራሱን ድርሻ ሳይቀምስ ለእነርሱ አቈይቶ መጠበቁን ሲተርክ፣ አንባቢው ይህ ጸሓፊ የአገሩን ሰዎች በእውነት እንደሚያከብር ይረዳል። ስለዚህ በመቅድሙ ላይ፣ ሰው ባለበት አገር ገብቶ ነዋሪው ያወጣውን ስም እንደሌለ ቈጥሮ በራሱ ፈቃድ ሌላ ስም መለጠፍ ትዕቢት ነው ሲል፣ ቃሉ ከባዶ ስብከት አይቈጠርበትም። ልመናውን ከጀብዱው አስቀድሞ ማቅረቡም የተመሰገነ ነው፤ ሌላ ተራራ ወጪ ቢሆን ኖሮ ስለ ራሱ ጽናት ይጀምር ነበር።

ይህን ካልሁ በኋላ ግን ሁለት ነቀፋዎች አሉኝ። አንደኛው የመጽሐፉን ግንባር የሚመለከት ነው። በርእሱ ላይ ከዴናሊ ቀጥሎ ማክኪንሊ የሚለው ስም በቅንፍ ተጽፏል። እንግዲህ አንድን ስም ለማስወገድ የተነሣ መጽሐፍ ያንኑ ስም በግንባሩ ለብሶ ወጣ ማለት ነው። ገዢው የትኛው ተራራ እንደ ሆነ እንዳይስት ታስቦ ይሆናል፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን መዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ አንድ ጊዜ በፋይል ሽፋን ላይ የገባ ስም በቅንፍም ቢሆን ገብቷልና በቀላሉ አይፋቅም።

ሁለተኛው ነቀፋ ከዚህ የከበደ ነው። ይኸው ደራሲ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ እርሱ ራሱ ስም አውጪ ሆኖ እናገኘዋለን፤ አንዱን ሸንተረር በጓደኛው በካርስተንስ፣ ታላቁን የበረዶ ወንዝ በሃርፐር ስም ጠርቷል። ታዲያ ዲኪን የሚወቅስ ሰው እንዴት የዲኪን ሥራ ይሠራል? ጠበቃው ብሆን ኖሮ፣ ስታክ የሰየመው ማንም ያልኖረበትን በረዶ ነው፤ የመረጣቸውም ሰዎች አገሩን በእግራቸው የረገጡ ናቸው እል ነበር። ክርክሩ አያስንቅም። ቢሆንም ደራሲው ወሰኑን ራሱ አስምሮ ሊያሳየን በተገባው ነበር፤ እርሱ ግን በዝምታ አልፎታል።

ስለ ትርጕሙም አንድ ነገር ላክል። ብዙዎች ጸሓፊዎች ዴናሊ ማለት «ታላቁ» ማለት ነው ብለው አስለምደዋል። የቋንቋው መርማሪዎች ግን የኮዩኮኑ ቃል «ረጅሙ» ወይም «ከፍ ያለው» ለማለት እንደ ሆነ ያስረዳሉ። ልዩነቱን ለመረዳት የአማርኛ አንባቢ ከማንም ይልቅ የተመቸ ነው፤ ታላቅነት ማዕርግ ነው፣ ርዝመት ግን በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ተራራውን «ታላቁ» ብለን ስንተረጕም ሳናስበው ወደ ማክኪንሊ ጐራ እንገባለን፤ ተራራውን እንደ ሹመኛ እንቈጥረዋለንና። ነዋሪው ግን ቀና ብሎ ያየውን ተናገረ እንጂ ማንንም አልሾመም።

ከዚያ ወዲህ የሆነው የጽሕፈት ቤት ታሪክ ነው። በ1917 የተከለለው ፓርክ በማክኪንሊ ስም ቆመ። በ1975 የአላስካ ክፍለ አገር ዴናሊ የሚለውን መልሶ፣ የፌዴራሉ መንግሥትም እንዲቀበለው ጠየቀ። በ1980 ፓርኩ ዴናሊ ሲባል ተራራው ማክኪንሊ እንደ ሆነ ቀረ፤ አጥሩ አንድ ስም፣ በውስጡ ያለው ሌላ ስም! የቦታ ስሞችን የሚወስነው የፌዴራል ቦርድ፣ ጉዳዩ በምክር ቤት ቀርቦ ሳለ ውሳኔ አይሰጥም። ይህን ያወቀው የኦሃዮ እንደራሴ ራልፍ ሬጉላ፣ ሥራውን እስከ ለቀቀበት እስከ 2009 ድረስ የሕግ ረቂቁን በየጊዜው እያደሰ በማቅረብ ነገሩን አንጠልጥሎ አቈየው። ከተንኰል ሁሉ የወረቀት ተንኰል ዕድሜው ይረዝማል። በ2015 በፕሬዚዳንት ኦባማ ዘመን ዴናሊ ጸደቀ፤ በጥር 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ማክኪንሊ ተብሎ እንዲመለስ አዘዙ፤ የአላስካ ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ዴናሊ ይጽና ሲል በውሳኔ ጠየቀ።

በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች የቱን እንያዝ? የመንግሥት ትእዛዝ ሲጠቀስ በትእዛዙ ያለውን ስም መጻፍ የታማኝነት ግዴታ ነው። ስለ ተራራው በራሳችን አፍ ስንናገር ግን ዴናሊ ብንል የማንንም አዋጅ አንጥስም፤ ስታክ የለበሰውን ቅንፍም አንለብስም።

ከዴናሊ አጠገብ ሌላ ከፍ ያለ ተራራ አለ። ስታክ በመጽሐፉ ሁሉ የአገሩን ሰዎች ተከትሎ የዴናሊ ሚስት እያለ ይጠራዋል። ካርታው የሚያውቀው ግን ፎሬከር በሚል ስም ነው፤ ፎሬከርም የኦሃዮ ሴናተር ነበር። በ2015 ባል ስሙን ሲያገኝ፣ ሚስቱ የሴናተሩን ስም እንደ ያዘች ቀረች።