ማእከልና ዙሪያ፦ «ማንዳላ» የሚለው ቃል በአማርኛ

«የኢትዮጵያ ማንዳላ» የሚለው ሐረግ የብራና ክታቦቻችንን ለውጭ ተመልካች ለማስተዋወቅ አልፎ አልፎ ይነገራል። ለጆሮ ይጥማል፤ ክታቡንም ከእስያ ታላላቅ የጥበብ ሥራዎች ተርታ የሚያሰልፈው ይመስላል። በዚህ ዩኒቨርሲቲ በእንግድነት በመራሁት የትርጉም ውይይት ላይም «ማንዳላ» ለሚለው ቃል ከተማሪዎች የቀረቡት አቻዎች ሦስት ነበሩ፦ «ክብ»፣ «ጠልሰም» እና «ክታብ»። ሦስቱም ለምን እንደማይበቁ፣ ሐረጉም የትኛውን እውነት እንደሚሸፍን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በሳንስክሪት «ማንዳላ» ማለት ክብ ወይም ክበብ ነው። ሪግቬዳ የተከፈለባቸው 10 መጻሕፍትም በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ ስለዚህ ቃሉ ከጥንቱም ቢሆን በሥዕል ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ቲቤታውያን ቃሉን ከሕንድ ሲቀበሉ ድምፁን ትተው ፍቺውን ወሰዱ፤ «ኪልኾር» አሉት፤ «ማእከልና ዙሪያው» እንደ ማለት ነው። ጃፓናውያን በአንጻሩ በቻይንኛ በኩል የደረሳቸውን ድምፅ ይዘው «ማንዳራ» ብለው ጠሩት። ሁለቱም መንገዶች በትርጉም ሥራ የታወቁ ናቸው። ነገር ግን የቲቤቱ አተረጓጎም የእኛን «ክብ» ጉድለት ያጋልጣል፤ ማንዳላን ማንዳላ የሚያሰኘው የክቡ መስመር ሳይሆን መካከሉ ከዙሪያው ጋር ያለው ዝምድና ነውና።

ይህ ዝምድና በአጠቃቀሙ ይበልጥ ይገለጣል። የቲቤት ማንዳላ የአንድ መለኮታዊ አካል ቤተ መንግሥት ንድፍ ነው፤ አራት ማእዘን ቅጥር፣ በአራቱ አቅጣጫ አራት በሮች፣ በመካከሉም የቤቱ ባለቤት አሉት። ከመምህሩ ሥርዐቱን የተቀበለ ደቀ መዝሙር ሥዕሉን በማየት ብቻ አያበቃም፤ ቤቱን በልቡናው ያንጻል፣ በበሩ ይገባል፣ ወደ መካከሉም ይዘልቃል። 722 አማልክት የሚኖሩበትን የካላቻክራ ማንዳላ መነኮሳት ጫፉ በቀጠነ የብረት ቱቦ ባለቀለም አሸዋ እያፈሰሱ ለብዙ ቀናት ይሠሩታል፤ ሲያበቁም ጠርገው አሸዋውን ለወራጅ ውኃ ይሰጡታል። መጥረጉ ከሥርዐቱ አንዱ ክፍል ነው፤ ዓለም ኃላፊ መሆኗን ዓይን እያየ የሚማርበት ነው።

አሁን ወደ ክታቡ እንምጣ። «ጠልሰም» ከግሪክ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል የተጓዘ ቃል ሲሆን በክታቡ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ያመለክታል፦ ስምንት ጫፍ ያለውን ኮከብ፣ የተጠላለፈውን ሐረግ፣ አፍጥጠው የሚያዩትን ዓይኖች። «ክታብ» ደግሞ የጥቅሉ ስም ነው። ክታብ የሚጻፈው ለአንድ ሰው ነው፤ የክርስትና ስሙ በጸሎቱ መካከል ይገባል፤ የብራናውም ርዝመት በባለቤቱ ቁመት ልክ እንዲሆን ይደረግ ነበር። ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለውን ወርዝልያን የሚያሳድደው የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት በብዙዎቹ ላይ ይገኛል። እነዚህን ክታቦች ለረዥም ጊዜ ያጠኑት ፈረንሳዊው ዣክ መርሲዬ እንዳስረዱት፣ የጠልሰሙ ኃይል በዓይን በኩል ይሠራል፤ በሕመምተኛው ያደረው ጋኔን ሥዕሉን አይቶ ይሸሻል።

እንግዲህ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ማንዳላ ሰውን ወደ ውስጥ የሚጠራ ቤት ነው፤ ክታብ ክፉውን ወደ ውጭ የሚያባርር ዘበኛ ነው። የአሸዋው ማንዳላ ይፈርሳል፤ ክታቡ ከሰውነት ጋር ይታሰራል። ክታቡን «ማንዳላ» ስንለው የምናጣው ትክክለኛ ስያሜ ብቻ አይደለም፤ በብራናው ላይ ስሟ የተጻፈውን ሴት፣ የታመመችበትን ምክንያት፣ የጻፈላትንም ደብተራ እናጣለን። የሚቀርልን የኮከብ ቅርጽ ነው።

ይህ ቅርጽን ብቻ የማየት ልማድ ከየት መጣ? አንዱ ምንጩ የስዊሱ የሥነ ልቡና ሊቅ ካርል ዩንግ ይመስለኛል። ዩንግ ከ1916 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክብ ሥዕሎችን እየሣለ የነፍስ ምሉዕነት ምልክት አድርጎ ተረጐማቸው፤ ከየሕዝቡም ተመሳሳይ ቅርጾችን ሰበሰበ። ዛሬ ለማረጋጊያ የሚቀለሙ መጻሕፍት «ማንዳላ» መባላቸው የዚህ አስተሳሰብ ቅጥያ ነው። ቀለም መቀባቱ መንፈስን ቢያሳርፍ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን የተመጣጠነ ክብ ሁሉ ማንዳላ ከሆነ ቃሉ ምንም አይለይም።

ንጽጽር ከተፈለገ የሚሻለው በሌላ በኩል አለ። እንደ ዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያለ ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አለው፤ በክቡ መካከል የቆመው መቅደስ አራት ማእዘን ነው። ወደ ውስጥ በተዘለቀ ቁጥር የሚገባው ሰው ይመረጣል። በማእከልና በዙሪያ መካከል ያለው ዝምድና፣ በማዕርግ የሚከፈተውም በር፣ ከክታቡ ኮከብ ይልቅ በዚህ ይታያል። ይህም ቢሆን የአሠራር መመሳሰል እንጂ የዘር ሐረግ ማስረጃ አይደለም፤ በመቅደሱ ያለው ታቦት ነው፤ እምነቱም ሌላ ነው።

ስለዚህ ለተርጓሚዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ «ማንዳላ» በድምፁ ይግባ፤ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ስፍራ «ማእከልና ዙሪያ» በሚል ፍቺ ይብራራ፤ ክታብም ክታብ ተብሎ ይቅር። ሁለቱን ለማክበር አንዱን በሌላው ስም መጥራት አያስፈልግም።