ለተከላካዩ ማን ይከላከልለት?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገራችን ሰው። አንዳንድ ጊዜ ግን ስም የሚወጣው በእግር ኳስ ተጫዋቾች መልበሻ ክፍል ውስጥ ነው። በሜልበርን ከተማ ኮሊንግዉድ በሚባለው ክለብ ለአሥር ዓመት ያህል የኋላ መስመሩን ሲጠብቅ የኖረ አንድ ጥቁር ተከላካይ ነበር። ሲወለድ የወጣለት ስም ኤሪቲዬ ሉሙምባ ነው። አውስትራሊያ ሃሪ ኦብራየን በሚል ስም አወቀችው። በክለቡ ውስጥ ደግሞ፣ እሱ እንደመሰከረው፣ “ቺምፕ” ይሉት ነበር፤ ከቺምፓንዚ ተቆርጦ የወጣ ስም መሆኑ ነው። ውድ አንባቢ፣ የዚህ ጽሁፍ ጥያቄ ይህ ሦስተኛው ስም እንዴት ያን ያህል ዘመን ሊኖር ቻለ የሚል ነው። ጥያቄው እኛንም ሳይነካ አያልፍም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እግር ኳስ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ አርሰናልና ወደ ማንቸስተር ይሮጣል። ሜልበርኖች “ፉቲ” የሚሉት ጨዋታ ግን ሌላ ነው። ሞላላ ኳስ፣ ሞላላ ሜዳ፣ በየወገኑ 18 ተጫዋቾች፣ በእጅ መያዝም በእግር መምታትም የተፈቀደበት። ኮሊንግዉድ በ1892 በወዝአደሮች ሰፈር የተመሠረተ፣ ጥቁርና ነጭ መለያ የሚለብስ፣ ደጋፊው የበዛ፣ የሚጠላውም የዚያኑ ያህል የበዛ ክለብ ነው። የስሙ መነሻ በሆነው ሰፈር ውስጥ ዛሬም ረጃጅሞቹ የመንግሥት መኖሪያ ፎቆች አሉ። ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች፣ ወገኖቻችንም ጭምር፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉባቸው ፎቆች ናቸው። የቪክቶሪያ መንግሥት እነዚህንና መሰሎቻቸውን፣ በጠቅላላው 44 ፎቆችን፣ ደረጃ በደረጃ አፍርሶ እንደገና ለመሥራት ማቀዱን በ2023 አስታውቋል። እንግዲህ የሉሙምባ ጉዳይ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም። በእነዚያ ፎቆች ሥር ኳስ የሚያንከባልሉት የእኛም ልጆች ናቸው።

ሉሙምባ በ1986 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ ከብራዚላዊት እናትና ከኮንጎአዊ አባት ተወለደ። ገና በሕፃንነቱ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ፐርዝ ከተማ መጣ። ኮሊንግዉድ የወሰደው ከዋናው ምልመላ ሳይሆን ከተጠባባቂ ጀማሪዎች ዝርዝር ነው። በ2005 የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ ዕድሜው 18 ነበር። በ2010 በዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ተመረጠ። በዚያው ዓመት ኮሊንግዉድና ሴንት ኪልዳ በዋንጫው ፍጻሜ 68 ለ68 ተለያይተው በሳምንቱ እንደገና ሲገናኙ ኮሊንግዉድ 108 ለ52 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ሉሙምባም ከአሸናፊዎቹ አንዱ ነበር። በ2014 መጨረሻ ክለቡን ለቆ ወደ ሜልበርን ክለብ ተዛወረ፤ ጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት በ2016 መጫወት አቆመ። በሁለቱ ክለቦች በጠቅላላው 223 ጨዋታ ተጫውቷል።

የተከላካይ ሥራ ምስጋና የሌለው ሥራ ነው። ጎል ያገባው በትከሻ ይሸከሙታል፤ ጎል ያስቀረው ግን የሚታወሰው የተሳሳተ ዕለት ብቻ ነው። ሉሙምባ የተሳሳተ የተባለው ደግሞ ሜዳ ላይ ሳይሆን አንደበቱን የከፈተ ዕለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግንቦት 2013 ኮሊንግዉድ ከሲድኒ ጋር ሲጫወት አንዲት የ13 ዓመት ልጅ፣ የኮሊንግዉድ ደጋፊ፣ የአገሬው ነባር ሕዝብ ተወላጅ የሆነውን አዳም ጉድስን “ዝንጀሮ” ብላ ሰደበችው። የኮሊንግዉድ ፕሬዚዳንት ኤዲ ማክጓየር ያኔውኑ መልበሻ ክፍል ድረስ ሄዶ ጉድስን ይቅርታ ጠየቀ። መልካም አደረገ። ሳምንት ሳይሞላው ግን ይኸው ሰው በሬዲዮ ጣቢያ ተቀምጦ የጉድስን ስም ከኪንግ ኮንግ ትርኢት ማስታወቂያ ጋር አያይዞ ቀለደ። ሉሙምባ የገዛ ክለቡን ፕሬዚዳንት በአደባባይ ተቸ። በኋላ እንደተናገረው፣ አሠልጣኙ የወቀሰው ፕሬዚዳንቱን ለችግር አሳልፈህ ሰጠኸው ብሎ ነው። ልብ በሉ! ጥፋተኛው የቀለደው ሳይሆን ቀልዱን አልወደድኩትም ያለው ሆነ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሃሪ ኦብራየን የሚለውን ስም ትቶ ወደ ትውልድ ስሙ ተመለሰ። ሉሙምባ የሚለው ስም ለኛ ትውልድ እንግዳ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የኛ ጠቅል ብርጌድ በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ኮንጎ ሲዘምት የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፓትሪስ ሉሙምባ ነበር። ተጫዋቹ ወደዚህ ስም ሲመለስ እንደ ወረት የቆጠሩበት ነበሩ። ስሙን ሌሎች እንዳሻቸው ለሚጠሩት ሰው ግን በገዛ ስሙ መጠራት ወረት ሳይሆን የመጀመሪያው መከላከያ ነው።

በ2017 “ፌር ጌም” በተባለው ዘጋቢ ፊልም ላይ ያንን ቅጽል ስም ለሕዝብ ተናገረ። የተሰጠው መልስ የታወቀው መልስ ነው፤ ማን ሰማ? መቼ? ማስረጃው የት አለ? “እሱም አብሮ ይስቅ ነበር” የሚለው ክርክር ከሁሉም የከፋው ነው። አንድ የ18 ዓመት ልጅ፣ የሚቀጥለው ዓመት ውሉ በሌሎች እጅ ያለ ጀማሪ፣ ቢስቅ ምን ይገርማል? ሳቁ የመግቢያ ዋጋ ነው። የከፈለበትን ሳቅ መልሶ እንደ ማስረጃ ማቅረብ ግን ግፍ ነው። ከጊዜ በኋላ የቀድሞ የቡድን ጓደኞቹ ስሙን በጆሯቸው መስማታቸውን መሰከሩ። እንግዲህ ጆሮው ድሮም ነበረ ማለት ነው፤ የጠፋው አፍ ነው።

ክለቡ በ2020 ገለልተኛ ጥናት አዘዘ። በላሪሳ ቤረንትና በሊንደን ኩምብስ የተጻፈው ዘገባ በየካቲት 2021 መግቢያ ላይ አፈትልኮ ለሕዝብ ደረሰ። ዘገባው በክለቡ ውስጥ ሥርዓት የያዘ ዘረኝነት እንዳለና በነባር ሕዝቦችና በአፍሪካውያን ተጫዋቾች ላይ ጥልቅ ጉዳት እንዳደረሰ አረጋገጠ፤ 18 የውሳኔ ሐሳቦችም አቀረበ። ማክጓየር ለጋዜጠኞች ዕለቱ ታሪካዊና የኩራት ቀን ነው አለ። ይህን ባለ በስምንተኛው ቀን ከሥልጣኑ ወረደ። ከ150 የሚበልጡ የክለቡ ስፖርተኞችና ሠራተኞችም በግልጽ ደብዳቤ ይቅርታ ጠየቁ።

ዘገባውን እንደ አንድ ጽሁፍ ስንመዝነው ትልቅ ብርታት አለው። ክለቡ ለዘረኝነት የሚሰጠው መልስ ስሙን ለማዳን የሚደረግ ሩጫ እንደነበረ፣ አቤት ያለ ሰው ደግሞ ራሱ ችግር ተደርጎ ይቆጠር እንደነበረ በግልጽ ያሳያል። ድካምም አለበት። እያንዳንዱን ክስ መርምሮ ለመፍረድ አልተነሳም፤ ሉሙምባም በሒደቱ ላይ እምነት ስላልነበረው አልተሳተፈም። ስለዚህ የነገሩ ባለቤት በሌለበት ስለ ነገሩ ተጻፈ። “ሥርዓቱ ነው ያጠፋው” ማለት እውነት ነው፤ ግን ሥርዓት ይቅርታ አይጠይቅም፣ ሥርዓት አያፍርም። አጥፊው ሁሉም ሲሆን ማንም እንዳላጠፋ ይሆናል። በ1993 የሴንት ኪልዳው ኒኪ ዊንማር በኮሊንግዉድ የድሮ ሜዳ በቪክቶሪያ ፓርክ ከደጋፊው ስድብ ሲወርድበት ውሎ፣ ካሸነፉ በኋላ ማልያውን ገልቦ ወደ ቆዳው በጣቱ ጠቁሞ ነበር። ከዚያ ጣት እስከ ዘገባው 28 ዓመት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን መረጃ አልጠፋም፤ የሚሰማ ነው የጠፋው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ልጃችን ከትምህርት ቤት ወይም ከልምምድ ሜዳ መጥቶ እንዲህ አሉኝ ሲለን ምን እንለዋለን? ብዙዎቻችን “ቻለው፣ አንተ ብቻ በርታ፣ ዝም አይነቅዝም” እንላለን። ክፋት አይደለም፤ ባዕድ አገር የኖረ ሰው ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ሉሙምባ ችሎታል፤ በርትቷልም፤ ዋንጫም አንስቷል። ስሙ ግን አልቀረለትም። በልጅ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ዝምታ ይነቅዛል።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያማል። እኛስ ቅጽል ስም አናወጣም? በ1962 የአፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ያነሳው አምበላችን ሉችያኖ ቫሳሎ፣ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት የተወለደ፣ በክልስነቱ ይሰደብ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ግብጽን 4 ለ2 ስናሸንፍ የኛ ነበር፤ በማግስቱ ዲቃላ። ዛሬም በየቡና ጠጡው፣ በየሠርጉ፣ ልጆቻችን እየሰሙ፣ ጠቆር ያለውን ወገን በምን ስም እንደምንጠራ እናውቃለን። “ቀልድ ነው፣ ፍቅር ነው” እንላለን። የኮሊንግዉድ መልበሻ ክፍልም ከዚህ የተለየ ነገር አላለም።

በ2023 ኮሊንግዉድ ቴው ጂያት የተባለ ወጣት መልምሏል። ቤተሰቡ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሸ ነው። በሆውቶርን ክለብ የኋላ መስመር ስሙን ያስጠራው ታላቅ ወንድሙ ቻንግኩዎት ጂያት የተወለደው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ቀይ ቀይ የሆነ የኛ ልጅ ኮሊንግዉድ ቢገባ ኖሮ ባንዲራ ይዘን በወጣን ነበር። ለነዚህ ልጆች ግን ከማኅበሮቻችን ስንቱ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሏል? አፈራችንን ረግጦ የተወለደውን ልጅ በቆዳው መልክ የምንመዝን ከሆነ፣ ከቪክቶሪያ ፓርክ ተመልካች በምን እንሻላለን?

ስለዚህ ለማኅበረሰብ መሪዎቻችን፣ ለቄሶቻችንና ለሼኾቻችን፣ ከሁሉም በላይ ለወላጆች ይህን ማለት ይገባል። አቤት ያለውን ልጅ ማስረጃ ከመጠየቃችን በፊት አጠገቡ እንቁም። ክለቡ ወይም ትምህርት ቤቱ ዘንድ አብረነው እንሂድ፤ የሰማነውን እንደሰማን እንመስክር። በገዛ ቤታችን የሚወረወረውንም ስም ከሳቃችን ጋር አብረን እናቁም። ተከላካይ ብቻውን ጎል አይጠብቅም፤ ከጎኑ የሚቆም ይፈልጋል።

ቸር ይግጠመን።